“ወርቁን አውጣ!”

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደወለልኝ። ዛሬ እሱም መምህር ነው፤ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዝም አለ። ወይ ብድር ነው፣ ወይ ሰው ሞቶበታል ብዬ ጠበቅሁ።

“ጋሼ፣ ወርቁን አውጣ ተባልኩ” አለኝ።

“የምን ወርቅ?”

“የግጥሜን።”

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወላጆች በዓል ቀን የሥነ ጽሑፍ ክበቡን ወክሎ አንድ ግጥም አነበበ። ግጥሙ ስለ ቤት ነው። ጣራ ያፈሳል፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ቤተሰቡ ዝናቡን ይራገማል። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሻይና ቆሎ ቀረበ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በሳምንቱ መምህሩ ቢሮ ተጠራ። አንድ ኮሚቴ ተሰብስቧል። ቃለ ጉባኤው በኋላ በእጄ ገብቷልና ቃል በቃል ባይሆንም መንፈሱን ልንገራችሁ፦ የቀረበው ግጥም ሰምና ወርቅ መሆኑ ከተሳታፊዎች ስለተጠቆመ፣ መምህሩ ወርቁን በጽሑፍ አብራርተው እንዲያቀርቡ ተወስኗል።

መምህሩ “ወርቅ የለውም” አለ። ኮሚቴው “ሰም ካለ ወርቅ አለ” አለ። መምህሩ “ሰምም አይደለም፤ ቤት ነው” አለ። ኮሚቴው “እንግዲያው የደበቁት ነገር አለ ማለት ነው” ሲል መዘገበ። በመጨረሻም አንድ አስታራቂ ሐሳብ መጣ፤ ጉዳዩ ሙያዊ ስለሆነ የባለሙያ አስተያየት ይቅረብ ተባለ። ተማሪዬም እኔን ጠራ። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ፣ ዛሬ በጋዜጣ ላይ ነገር የሚቆሰቁስ ሰው ባለሙያ ከተባለ፣ ይኸው ባለሙያው እኔ ነኝ።

አስተያየቱን ልጽፍ ስቀመጥ ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ትዝ አለኝ። ያ ኮሚቴ “ሰም ካለ ወርቅ አለ” የሚለውን ከየት አመጣው? ከእኔ ነዋ! ከእኔና ከመሰሎቼ። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን “አማርኛ የሰምና ወርቅ ቋንቋ ነው” አልን። በፈተና ላይ ግጥም ሰጥተን “ሰሙንና ወርቁን ለይታችሁ አውጡ፣ 10 ነጥብ” ብለን ጻፍን። ሰምና ወርቅ የሌለበትን ግጥም ሰጥተን እንኳ ወርቅ አወጣሁ ያለውን ተማሪ አንጀታችን አልቻለምና ግማሽ ነጥብ ሸለምን። እነዚያ ተማሪዎች አደጉ፤ አንዳንዶቹ ኮሚቴ ሆኑ። ዘርተን ነበር፣ በቀለ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በከፊል የድሮ ትምህርቴን እርማት ነው። የምናውቃቸውን፣ ወይም እናውቃቸዋለን የምንላቸውን ጥቂት ቃላት አንድ በአንድ እንያቸው።

ከራሱ ከሰምና ወርቅ እንነሳ። ቃሉ የአንጥረኛ ቃል ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ሰም የነበረው ወርቅ ሆኖ ይገኛል። የቅኔ ሊቃውንት ይህን የእጅ ሙያ ወስደው ለቃል ሙያ ስም አደረጉት።

ነገር ግን በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ማለት “ድብቅ ነገር” ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ጋ ነው። በጠባቡና በትክክለኛው ትርጉሙ፣ ሰምና ወርቅ የሚባለው ሰሙም ወርቁም ሁለቱም በስማቸው ተጠርተው፣ ጎን ለጎን ተጣምረው፣ በአንድ ግስ ሲታሰሩ ነው። ለምሳሌ እንዲሆን እኔው የገጣጠምኳትን ሁለት ስንኝ ልስጣችሁ፤ ለውበቷ ሳይሆን ለትምህርቷ ስትሉ ታገሷት፦

ገበሬው ብዕሬ በወረቀት ማሳ፣
የቃል ዘር ሲዘራ አጨዳውን ረሳ።

ገበሬ ሰም ነው፤ ብዕር ወርቅ ነው። ማሳ ሰም፣ ወረቀት ወርቅ። ዘር ሰም፣ ቃል ወርቅ። ምን የተደበቀ ነገር አለ? ምንም! ሁሉም በግልጽ ተጠርቷል። የሰምና ወርቅ ጥበቡ መደበቁ ላይ ሳይሆን መግጠሙ ላይ ነው፤ መዝራት ለገበሬም ለብዕርም ሳይጎረብጥ መስማማቱ ላይ። የዘመኑ የሥነ ጽሑፍ መማሪያ መጻሕፍት ተለዋጭ ዘይቤ ለሚሉት የቅርብ ዘመድ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ግጥም የጻፈ ሰው “ወርቁን አውጣ” ቢባል፣ “ዓይንህን ግለጥ፣ ወርቁ ከሰሙ አጠገብ ተቀምጧል” ብሎ መመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ኅብር ነው። ኅብር አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አይጠራም፤ አንዱ ቃል ብቻውን ሁለት ቤት ያድራል። አሁንም ከጓዳዬ፦

ድግሱን አየነው፣ ሁሉም የተቀዳ፤
ወጥ ሳያገኝ ሄደ የመጣው እንግዳ።

ይህችን የጻፍኳት ከአንድ የመጽሐፍ ምርቃት ስመለስ ነው። ላይ ላዩን ስትሰሟት ጠላው በየብርጭቆው ተቀድቶ፣ ወጡ ግን ሳይቀርብ እንግዳው ጾሙን የሄደበት ድግስ ናት። “የተቀዳ” የሚለውን ከሰው ሥራ የተገለበጠ፣ “ወጥ” የሚለውንም የራስ የሆነ ኦሪጅናል ሥራ ብላችሁ ስትሰሙት ደግሞ ምርቃቱ ራሱ ይመጣል። የኅብር ደግነቱ ማስረጃው ከቃሉ ውስጥ መሆኑ ነው። “ወጥ” ሁለት ትርጉም እንዳለው መዝገበ ቃላት ይመሰክራል። “ሐሜት ነው ያቀረብከው” ብትሉኝ አልክድም፤ ቃሉ ራሱ ያጋልጠኛል።

ሦስተኛው ውስጠ ወይራ ነው። ስሙ እንደሚለው ላይ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ወይራ። በዚህ ጊዜ ሰሙ ብቻ ይነገራል። ወርቁ አይጠራም፤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃልም የለም። ነገሩ በሙሉ፣ ከራስ እስከ እግሩ፣ ስለ አንድ ተራ ጉዳይ ይናገራል። ሌላውን የሚሞላው ሰሚው ነው። የተማሪዬ ግጥም የሚመደብ ከሆነ የሚመደበው እዚህ ነው። በእሱ ፈቃድ ኮሚቴውን ያስጨነቁትን ሁለት ስንኞች ብቻ ላስነብባችሁ፦

ዝናብ ምን አረገ፣ ጣራው ካፈሰሰ፤
አናጢው ይጠየቅ፣ ቤቱን የቀለሰ።

ይኸው ነው። ዝናብ አለ፣ ጣራ አለ፣ አናጢ አለ። አንድ የተሸሸገ ሹም የለም። ግን ስትሰሙት ልባችሁ ወዴት ሄደ? እውነቱን ተነጋገሩ። አንዱ ወደ መንግሥት ሄደ። አንዱ ወደ ትዳሩ ሄደ። አንዷ ወንድሟን በሽተኛ ያደረገውን የአባቷን አስተዳደግ አሰበች። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሆነ ጓደኛዬ ደግሞ ሳነብለት “እውነቱን ነው፤ የእኛም ሦስተኛ ፎቅ እንደዚሁ ነው” አለኝ። ወርቅ ፍለጋ ሐሳቡም አልነበረው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በውስጠ ወይራ የወርቁ ባለቤት ማነው? በሰምና ወርቅ ገጣሚው ነው፤ በአፉ ጠርቶታልና። በኅብርም ገጣሚው ነው፤ ቃሉን መርጦታልና። በውስጠ ወይራ ግን ግማሹን የሚጽፈው ሰሚው ነው። “ይህ ግጥም ስለ እኔ አስተዳደር ነው” ያለ ሰው ስለ ግጥሙ የነገረን ትንሽ ነው፤ ስለ አስተዳደሩ የነገረን ግን ብዙ ነው።

ለዚህ ደግሞ ሕዝባችን ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የሚያውቀው ሕግ አለ። አግቦና አሽሙር የምንላቸው ነገሮች አሉ አይደል? ጎረቤቷን ለመንካት ድመቷን የምትሰድብ ሴት በየሰፈሩ አለች። ጎረቤቲቱ ተነሥታ “ለምን ትሰድቢኛለሽ?” ብትል መልሱ የታወቀ ነው፤ “አንቺን ማን ነካሽ? ድመቴን ነው!” ሸንጎ ቢሄዱም ተረቺዋ ሁለተኛይቱ ናት። አሽሙር የመለሰ ሰው የራሴ ነው ብሎ እንደ ፈረመ ይቆጠራል። እናቶቻችን ይህን ያህል የጠራ የትርጓሜ ሕግ ይዘው ሳለ፣ የተማረው ኮሚቴ ጠፋበት።

አሁን አንድ አንባቢ “ስም ምን ያደርጋል? ግጥም ይሰማል እንጂ አይበለትም” ሊለኝ ይችላል። ይህን ክርክር በክፍል ውስጥም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ግማሹን እቀበለዋለሁ። ግጥምን ሳይወዱ ስም ማጥናት ዘፈን ሳይሰሙ ኖታ መሸምደድ ነው። ግን ስም ማጣትም ዋጋ ያስከፍላል። ራስ ምታቱንም፣ ትኩሳቱንም፣ የሆድ ቁርጠቱንም “ምች ነው” የምትል አክስት ነበረችኝ። መድኃኒቷም ዳማከሴ ብቻ ነበር። ሁለት ትርጉም ያለውን ሁሉ “ሰምና ወርቅ ነው” የሚል ሃያሲም እንደ አክስቴ ነው። ልዩነቱ አክስቴ የምታዝዘው ዳማከሴ ማንንም አልጎዳም።

ነገሩ የኮሚቴው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገጽ አላባክንም ነበር። የመጽሐፍ ምርቃት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሃያሲው ይነሣል። “ደራሲው ምሰላን፣ ተምሳሌትን፣ ምጸትን፣ አያዎን በረቀቀ መንገድ ተጠቅሟል” ይላል። የትኛው ገጽ? የትኛው ስንኝ? አይነግረንም። ቃላቱ እንደ ማዕረግ ይደረደራሉ። “አያዎ” እኮ እጅግ ቆንጆ ቃል ነው፤ “አይ” እና “አዎ”ን አጋብቶ እርስ በርሱ የሚጣላ የሚመስልን እውነት ይጠራል። “መቼት”ም እንዲሁ፤ “መቼ” እና “የት” ተጣምረው የታሪኩን ጊዜና ቦታ በአንድ ትንፋሽ ይነግሩናል። “መቼት”ን፣ “ገጸ ባሕርይ”ንና “ሴራ”ን ለሥነ ጽሑፋችን ያለማመደው ገጣሚውና መምህሩ ደበበ ሰይፉ እንደሆነ ይነገርለታል። እነዚህ ቃላት የተፈጠሩት ነገር እንድናይባቸው ነበር። እኛ ግን እንደ ካባ ደረብናቸው። ቅኔው ሲጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት ይሏል ይህ ነው።

ከቃላቱ አንዱ፣ “ገጸ ባሕርይ”፣ የሰው ሕይወት የሚያህል ጉዳይ ነው። ገጸ ባሕርይ ሰው አይደለም፤ ከቃል የተሠራ ነው። በግጥም ውስጥ ያለው “እኔ”ም ገጣሚው አይደለም፤ ተናጋሪው ነው። የሌባ ግጥም የጻፈ ሌባ አይደለም፤ የናፈቀች ሴት ግጥም የጻፈችም ባሏን ልትፈታ አይደለም። አንዲት ባልደረባዬ ስለ ከዳተኛ ሚስት የተጻፈ ግጥሟን መድረክ ላይ ካነበበች በኋላ፣ ለወራት የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ሲመላለስባት ነበር። ባሏ ሳይቀር “እኔ ነገር አልፈልግም፤ ግን እሱ ማነው?” ብሏታል። ቀልድ ይመስላል። ሆኖም የዚህ ቀልድ መጥፎ ቅጂ በታሪካችን አለ። በ1975 ዓ.ም የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” ሲወጣ፣ ብዙ አንባቢ ገጸ ባሕርያቱን በሥልጣን ላይ ከነበሩ ሰዎች ጋር እያስተያየ አነበበው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

ይህ የቁፋሮ ንባብ ከየት መጣ? አንደኛ፣ ከፍርሃት። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሳንሱር ይታይ ነበር። ደራሲው ይደብቃል፣ ሳንሱሩ ይቆፍራል፣ አንባቢውም ሳንሱሩ ያላገኘውን ልሻማ ብሎ ይቆፍራል። ሦስቱም አንድ ዓይነት የንባብ ትምህርት ቤት ገቡ ማለት ነው። የፍቅር ዘፈን ስንሰማ እንኳ “እሷ” የተባለችው ማን ናት ብለን በሹክሹክታ ያደርን ትውልድ ነን፤ እሷም አገር ትሆናለች፣ ነፃነት ትሆናለች፣ የታሰረ ወንድም ትሆናለች። ሳንሱር በ1985 ዓ.ም በፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ቅድመ ምርመራ ከለከለ። ዓይናችን ግን አዋጁን አልሰማም። ዛሬም ግጥም ሲቀርብልን መጀመሪያ የምንጠይቀው “እንዴት ተባለ?” ብለን ሳይሆን “ማንን ነው?” ብለን ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ኩራት ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ “ሰምና ወርቅ” ብሎ ሰየመው። ድርብ አነጋገርን ባህሉን ለመረዳት እንደ ቁልፍ ቆጠረው። መጽሐፉ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ እኔም አስተምሬበታለሁ። እኛ የተማርነው ግን ቁልፉን ወስደን ጌጥ አደረግነው። “እኛ እኮ የሰምና ወርቅ ሕዝብ ነን” ማለት ልዩ አገር፣ ልዩ ጥልቀት ያለን አስመሰለን። በዚህ ሒሳብ ግልጽ የሆነ ግጥም ጥልቀት የሌለው ግጥም ሆነ። ቀጥሎም ግልጽ የሆነ ሰው የሌለ መሰለን። እያንዳንዱ “ደህና ነህ?” ወርቅ ይፈለግለት ጀመር። እምነት የሌለበት አገር እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በየሰላምታው።

በቅኔ ቤት “ወርቁን አውጣ” ማለት ነውር አልነበረም። ይህንንም ላንሳ፤ አለዚያ ፍርዴ ሚዛን ይጎድለዋል። ዋድላ፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ የተማረ ሰው ሕይወቱ በዚሁ ጥያቄ የታጠረ ነው። ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ወደ ሆነው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። መምህሩ ሰሙን ከወርቁ ለይ ሲለው ሊያስተምረው ነው። ጥያቄው ከላይ ወደታች ቢሆንም መልሱ ተማሪውን ከፍ ያደርገዋል። በቢሮ ውስጥ ያው ጥያቄ በዚያው ቃል ሲጠየቅ ግን ምርመራ ይሆናል። ቃሉ አንድ፣ ቤቱ ሌላ። ይህም ራሱ ኅብር ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ቃለ ጉባኤውን ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔን ወጋው። ጸሐፊው የግጥሙን ስንኞች ለማስረጃ ገልብጧል። ሲገለብጥ ግን “አረገ” የሚለው የአፍ አነጋገር ስህተት መስሎት “አደረገ” ብሎ አርሞታል። ለሰዋስው ጥንቃቄው እናመሰግናለን። ግጥሙ ግን ወደቀ። የተጻፈው በወል ቤት ነው፤ ወል ቤት የሚባለው ስንኙ በሁለት ሐረግ ተከፍሎ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ሲይዝ ነው። አምስት አምስት ሲሆን ሰንጎ መገን ይባላል። ቀለም ስንቆጥር ፊደል አንቆጥርም፤ አንዳንዱ ሳድስ ድምፅ አልባ ነውና በጆሮ ነው የሚቆጠረው። እስቲ በጣታችሁ እየቆጠራችሁ በሉት፦ ዝ-ናብ-ምን-አ-ረ-ገ። ስድስት። አሁን “አደረገ” ብላችሁ ድገሙት። ሰባት! ጣራው ያፈሰሰው እዚህ ነው።

ይህን በአስተያየቴ ውስጥ ስጽፍ እየሳቅሁ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት አምስት ስድስት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ከመካከላቸው አንዱም ግጥሙን ጮክ ብሎ አላነበበውም፤ ይኸው ነው። ቢያነቡት ኖሮ ሰባተኛው ቀለም ምላሳቸውን ይዞ ያቆማቸው ነበር። ወርቅ ፍለጋ ሲጣደፉ ሰሙን ረገጡት። ግጥምን የማያነብ ሰው ግጥምን ሲፈርድ የሚሆነው ሁሌም ይኸው ነው።

ሦስት ገጽ ጽፌ ላክሁ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦ ግጥሙ በጥብቁ ትርጉም ሰምና ወርቅ አይደለም፤ ኅብርም የለበትም። ውስጠ ወይራ ነው ሊባል ይቻላል፤ ያ ግን ከተባለ በስንኞቹ ያልተጠራ ነገር ማምጣት የተርጓሚው ድርሻ ነው፤ ላመጣውም ነገር ኃላፊው ተርጓሚው ነው። ስለዚህ ማብራሪያ መጠየቅ ካለበት ግጥሙ ሌላ ነገር ነው ያለው ወገን በመጀመሪያ ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያቅርብ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

ያንን በጽሑፍ ያቀረበ ሰው አልተገኘም። ማን ፈርሞ “አናጢው እኔ ነኝ” ይላል? ለመምህሩ የቃል ምክር ተሰጥቶ ፋይሉ ተዘጋ።

ደውዬ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ከዚያም፣ መቼም ሃያሲ ልማዱ አይለቀው፣ “ለመሆኑ ለእኔ እንኳ ንገረኝ፤ ምን ማለትህ ነበር?” አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ “ጋሼ፣ የዘጠነኛ ክፍል ጣራ በእርግጥ ያፈሳል፤ እናንተም ብትመጡ ታዩታላችሁ። ስጽፈው ግን ሌላም አስቤ ነበር” አለኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለመጠየቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። ያሰበው ነገር ያሰበው ነው። የጻፈው ነገር ግን ዝናብ፣ ጣራና አናጢ ነው። ሰው የሚጠየቀው በጻፈው ካልሆነና ባሰበው ከሆነ፣ ከመካከላችን የሚተርፍ አይኖርም።

ጉዳዩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ግን በዚያው ትምህርት ቤት አዲስ መመሪያ ወጣ። የክበቡ አባላት በመድረክ የሚያቀርቡትን ግጥም አስቀድመው ያስገባሉ፤ ግጥሙ በአንድ ወረቀት፣ ትርጉሙ በሌላ ወረቀት። ተማሪዎቹ ሁለተኛውን ወረቀት “የወርቅ ወረቀት” ብለው ሰይመውታል። የክበቡ አባላት ቁጥር ቀንሷል ብሎኛል መምህሩ። የሚገርመው ጎበዞቹ ናቸው የቀሩት፤ ወርቅ ፈጥሮ መጻፍ የሚችሉት ናቸው የመጡት። እነዚህ ልጆች ግጥም ሳይሆን መከላከያ መልስ መጻፍ እየተማሩ ነው።

ከቀሩት አንዷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስለ አያቷ ከዘራ የጻፈችውን ግጥም አስገብታ ነበር። መምህሩ ሁለቱንም ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ልኮልኛል። ግጥሙ የልጅ ግጥም ነው፤ አንድ ሁለት ቦታ ቤት አይመታም። ከዘራው በር ላይ ቆሟል፤ አያት ከሞቱ በኋላም ማንም አላነሣውም። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ከላይ “ወርቅ” ተብሎ ተሰምሮበታል። ከሥሩ ብዙ ተጽፎ ብዙ ተሰርዟል። በመጨረሻ የቀረው አንድ መስመር ነው፦

“አያቴ ናቸው። ሌላ የለውም።”

ግጥሙ “ትርጉሙ ይብራራ” ተብሎ ተመልሶላታል። እኔ ሳስተምር በነበርኩበት ዘመን ለዚህ መልስ ስንት ነጥብ እሰጥ እንደነበር ሳስበው እፈራለሁ። ዛሬ ቢሆን ሙሉ አሥሩን እሰጣት ነበር።